ከሰሉ፣ መስኮቱና የእኔ ቡዳ

በሕይወቴ አንድ ቀን፣ እሱም ለግማሽ ሰዓት ያህል፣ ቡዳ ሆኜ አውቃለሁ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አስተማሪ ነበርኩ። ከሁለቱ ሥራዎች በየትኛው ሰው ይበልጥ እንደሰማኝ ብትጠይቁኝ፣ መልሱን ከመናገሬ በፊት ትንሽ ይከፋኛል። ለአስተማሪነቱ እኮ ዲፕሎማ ነበረኝ።

ነገሩ የሆነው በንጉሡ ዘመን ነው። ያን ጊዜ ሰበታ በሚገኝ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምር ነበር። አስተምር ነበር ስል ደግሞ እንዳትሳሳቱ። እኔ "አየር ምንድን ነው?" እላለሁ፤ ተማሪዎቹ "አየር የማይታይ፣ የማይሸት፣ ቦታ የሚይዝ ነገር ነው!" ብለው በአንድ ድምፅ ይጮኻሉ። ጩኸቱ በጎላ ቁጥር ትምህርቱ የገባቸው ይመስለኝ ነበር። በዓመት አንድ ጊዜ ሻማ አብርቼ ብርጭቆ እደፋበታለሁ፤ ሻማው ይጠፋል፤ ክፍሉ ያጨበጭባል። "አያችሁ፣ አየሩ አለቀ" እላለሁ። ተቆጣጣሪ ሲመጣም የማሳየው ይህንኑ ነበር። እንግዲህ በአየር ጉዳይ ከሰበታ እስከ ቡራዩ ከእኔ የሚበልጥ አዋቂ አልነበረም፤ ቢያንስ እኔ የሰማሁት የለም።

ያን ሰሞን ደግሞ ሽማግሌ ተልኮብኝ ነበር። ላኪው አዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የሆነ፣ ጫማውን በመሐረብ የሚወለውል ሰው ነው። ቤተሰቦቹ "ጨዋና የተማረች" ብለው ነው የመረጡኝ። እኔም ጨዋነቴንና ትምህርቴን እንደ እንቁላል ተሸክሜ በጥንቃቄ እራመድ ነበር።

ታናሽ እህቴ ጽጌ ቀድማኝ አግብታ የምትኖረው ሱሉልታ ነው። ባሏ ገመቹ እዚያው ተወልዶ ያደገ፣ ቅቤና እህል እየሰበሰበ እንጦጦን ተሻግሮ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ደግ ሰው ነው፤ አንድ ሕመም ብቻ ነበረበት፣ እሱም ቤት ነው። አባቱ ካወረሱት ጎጆ አጠገብ የድንጋይ ቤት አሠራ። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ፣ መስኮቱ መስታወት። አናጢውን ከአዲስ አበባ አስመጥቶ በሩን ከመቃኑ ጋር ልክክ አስደርጎ አስገጠመው። እንግዳ በመጣ ቁጥር "በዚህ ቤት ነፋስ መግቢያ የለውም" ይል ነበር። እውነቱን ነው፤ አልነበረውም።

ጽጌ በዚህ ቤት ሴት ልጅ ወለደች። የገና ዕረፍት ላይ ስለነበርኩ የአጥሚት እህሌን ይዤ፣ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አድሬ፣ በማግስቱ ጠዋት በጎጃም መንገድ አውቶቡስ ሱሉልታ ወረድኩ። የወሩን ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሜዳው ላይ አመዳይ ጥሎ ነጭ ሆኗል፤ ነፋሱ ነጠላዬን ከላዬ ሊወስደው ይታገላል።

በሩን አንኳኳሁ።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ፣ አሰለፈች።"

በሩ ለስሙ ያህል ተከፈተ፤ አንድ እጅ ወጥቶ ክንዴን ያዘና እንደ ኮንትሮባንድ ዕቃ ስቦ አስገባኝ። በሩ ወዲያው ተዘጋ፣ ከሥሩም ጨርቅ ተወተፈበት። የእጁ ባለቤት የገመቹ እናት፣ አዴ ጫልቱ ነበሩ። አዴ ጫልቱ ነገር በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ የሚጨርሱ፣ ሲቆጡ ግን በኦሮምኛ ጀምረው በኦሮምኛ የሚጨርሱ ሴት ናቸው። እኔን በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፤ "ባርሲስቱ" ነው የሚሉኝ፣ አስተማሪዋ ማለታቸው ነው። እንደሚያከብሩኝ ወይም እንደሚያሾፉብኝ እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቅም።

"እንኳን ማርያም ማረችሽ" አልኳት ጽጌን።

"ማርያም ታኑርሽ" አለች ከአልጋው ላይ፣ ፈገግ ልትል እየሞከረች።

ክፍሉ ጨለማ ነበር። መስኮቱ ዙሪያውን በሊጥና በጋዜጣ ታሽጓል። ጋዜጣው ላይ ጭስ ማውጫው የሚንቦለቦል የአዲስ ፋብሪካ ፎቶግራፍ ነበር፤ ያን ጊዜ ጭስ የሥልጣኔ ምልክት ነው። ከአልጋው ግርጌ አንድ ትልቅ ፈርኔሎ በፍም ተሞልቶ ቀልቷል። ጎጆው ውስጥ ሁልጊዜ የሚነደው እንጨትና ኩበት ነበር፤ አዲሱ ቤት ግን በኖራ ተለስኖ ነጭ ስለሆነ ጭስ እንዳያጠቁረው ተብሎ ከሰል ተገዛ።

"ከሰል ጥሩ ነው" አሉ አዴ ጫልቱ፣ በኩራት። "ጭስ የለው፣ ሽታ የለው። ጭስ ከሌለው ምን ያደርጋል?"

እኔም በሳይንስ አስተማሪነቴ ራሴን ነቀነቅሁ። ምክንያታዊ መሰለኝ።

ከአልጋው ማዶ ጎረቤቷ እትዬ ድንቅነሽ ተቀምጠዋል። ከመንዝ መጥተው መንገድ ዳር ሱቅ የከፈቱ፣ ለማንኛውም በሽታ መነሻውንም መድኃኒቱንም የሚያውቁ ሴት ናቸው። እንደ እኔው ነበሩ ማለት ይቻላል፤ ሲያስተምሩ ማንም ጥያቄ አይጠይቃቸውም።

"ራሴን እኮ ከሌሊት ጀምሮ ይወቅረኛል" አለች ጽጌ።

"ምች ነው" አሉ እትዬ ድንቅነሽ፣ ጽጌ ተናግራ ሳትጨርስ። "ትናንት ገንፎ በልታ ሳለ በሩ ተከፍቶ ፀሐይ አየች። አልነገርኳችሁም?"

"ደግሞ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል።"

"አራስ ናት፣ ትተኛ። ፊቷን እዩት እንጂ እንዴት እንደቀላ! አራስነት ተስማማት።"

እውነትም ጉንጯና ከንፈሯ ቀልቶ ነበር። ሁላችንም አደነቅን። ሕፃኗንም አቅፌ አደነቅሁ፤ ምንም አታለቅስም። "ሰላማዊ ልጅ ናት" አሉ አዴ ጫልቱ። ሰላማዊ ነበረች፤ ከመጠን በላይ።

ገንፎ ቀረበ፣ በላን፣ ተጫወትን። ጥቂት ቆይቶ የእኔም ራስ መምታት ጀመረ። መጀመሪያ ግንባሬ ላይ ነው፤ ከዚያ ጆሮዬ ውስጥ እንደ ከበሮ ይደልቅ ገባ።

"መንገድ ነው" አሉ እትዬ ድንቅነሽ። "የአውቶቡሱ ናፍጣ ነው። ይኸው እስካሁን ልብስሽ ይሸታል። እንዲያውም አራሷን ያባባሰባት ይኸው ሽታ ነው።"

እንዲህ ሆኖ እኔ ተከሳሽ ሆንኩ። ፍርዱን ልብ በሉልኝ። በዚያ ቤት ውስጥ የሚሸት ነገር ሁሉ ተከሰሰ፤ ናፍጣው፣ ሳሙናዬ፣ የፀጉሬ ቅባት። የማይሸተው አንድ ነገር ብቻ መሐል ወለል ላይ ቀልቶ በነፃ ተቀምጧል።

ዳማከሴ ተጨምቆ በአፍንጫችን ተጨመረ። አልተወንም። "እንግዲያው ወገርት ይታጠን" ተባለ። ወገርት ለመታጠን ፍም ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ከሰል ተጨመረ። ሲታጠን ሽታው እንዳያመልጥ ደግሞ የበሩ ጨርቅ ተጠቅጥቆ ተወተፈ። እያንዳንዱ መድኃኒት ሁለት ነገር ይፈልግ ነበር፤ ተጨማሪ እሳትና ተጨማሪ መዝጋት። በሽታው ሲብስ መድኃኒቱ ይጨመራል፤ መድኃኒቱ ሲጨመር በሽታው ይብሳል። ከዚያ በኋላ በብዙ መሥሪያ ቤቶች ይህንኑ አሠራር አይቻለሁ።

"ባርሲስቱ፣ አንቺ ወጣት ነሽ፣ ከጓሮ ጤና አዳም ቀንጥሰሽ ነይ" አሉኝ አዴ ጫልቱ።

ወጣሁ። ነፋሱ ፊቴን በጥፊ መታኝ። ጤና አዳሙን እየቀነጠስኩ ሳለ ራሴ ቀለል አለኝ፤ ከበሮው ራቀ። ተመልሼ ገባሁ፤ ብዙም ሳልቆይ ከበሮው መጣ። ቅጠሉ አነሰ ተብዬ እንደገና ወጣሁ፤ አሁንም ቀለለኝ። ገባሁ፤ አመመኝ። ይህን ለመረዳት ዲፕሎማ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ዲፕሎማዬ ትንሽ አዘገየኝ። የመጣልኝ ሐሳብ ያችው ሻማዬ ነበረች።

"ጧፍ አለ?" አልኩ።

"ምን ልታደርጊ?"

"አየሩ አልቆ እንደሆነ ላይ።"

ሁለቱም ተያዩ። ጧፉን አብርቼ አልጋው አጠገብ ያዝኩት፤ እንዲጠፋ ጠበቅሁ። ጧፉ ቀጥ ብሎ፣ ደምቆ ነደደ። የቤተ ክርስቲያን ጧፍ እንኳ እንዲህ ሲነድ አላየሁም።

"አለቀ?" አሉ እትዬ ድንቅነሽ፣ በትሕትና።

አላለቀም። በገዛ ማስረጃዬ ተረታሁ። ከሰል በተዘጋ ቤት ሲነድ የሚወጣው መርዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ እንደሚባል፣ እንደማይታይ፣ እንደማይሸት፣ ሰውን አስተኝቶ ሲገድል እንኳ ሻማ እንደማያጠፋ የተማርኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ያን ቀን ግን አንድ ነገር ብቻ አውቃለሁ፤ ውጭ ስወጣ ይሻለኛል፣ ስገባ ያመኛል፣ እህቴ ደግሞ መውጣት አትችልም።

"ጽጌ" አልኳት። "ጽጌዬ፣ ሕፃኗን አጥቢያት።"

ዓይኗን በግድ ገለጠች። ጡቷን አወጣችላት። ሕፃኗ አልጎረሰችም። ጉንጯን ነካ ነካ አደረግኋት፤ አፏ አልተከፈተም። ጽጌ ራሷም እጇ እንደ ላላ ገመድ ወደቀና እንቅልፍ መልሶ ወሰዳት። ያኔ ሁለቱንም በዓይኔ እያየሁ ላጣቸው እንደሆነ ገባኝ።

"መስኮቱ ይከፈት!" ብዬ ብድግ አልኩ።

አዴ ጫልቱ ከእኔ ቀድመው መስኮቱ ፊት ቆሙ። "ሂን ታኡ! አይሆንም!"

"አየሩ ተበላሽቷል፣ አዴ!"

"አየር የምትይው ቅሌንሳን ነው? ነፋሱን?"

"አዎ፣ አየሩን..."

"እሱንማ እኔ ራሴ ዘግቼዋለሁ። ምን ብሎ ይበላሻል?"

ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መልስ በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ አልነበረም።

"የምንተነፍሰውን ማለቴ ነው" አልኩ።

"እየተነፈስን አይደል እንዴ?"

ልገፋቸው ቃጣኝ። እሳቸው ግን እጃቸውን መስኮቱ ላይ ዘርግተው ቆሙ፤ ድምፃቸውም በአንዴ ተለወጠ። "ስሚ፣ ባርሲስቱ። ቦንቱ የምትባል ልጅ ነበረችኝ። እዚያ ጎጆ ውስጥ ወልዳ ተኝታ፣ እኔ ውሃ ላመጣ ወጣ ስል በሩን ሳልዘጋ ሄድኩ። በዚያች በር ቅሌንሳ ገባባት። ትኩሳት ያዛት፤ ክርስትና ሳታነሳ ሞተች። በሩን የተውኩት እኔ ነኝ። እኔ በሕይወት ቆሜ ሁለተኛ አይከፈትም።"

ከሰው ጋር በሳይንስ መከራከር ይቻላል፤ ከሞተች ልጅ ጋር ግን እንዴት ይቻላል?

ከወዲያ በኩል እትዬ ድንቅነሽ ግድግዳውን ተደግፈው "እኔን ደግሞ ምን አዞረኝ?" ሲሉ ሰማሁ። ወደ በሩ ልሄድ ዞርኩ። አንድ እርምጃ ብሄድ ነው፤ ሲሚንቶው ላይ ዘፍ አልኩ። ይህ ውሸት አልነበረም፤ የምሬን ነው የወደቅሁት።

"ያዛት!" አሉ እትዬ ድንቅነሽ፣ የእሳቸውን መዞር እዚያው ረስተው። "በስመ አብ! አልኩ እኮ! ቡዳ ነው፣ ቡዳ ነው የያዛት! ያዟት! ይለፍልፍ!"

መሬት ተኝቼ ይህን ሰማሁ። በአካባቢያችን ቡዳ የያዘው ሰው እንደሚለፈልፍ፣ ሰዎች ማን እንደሆነና ምን እንደሚፈልግ እየጠየቁ እንዲለቅ እንደሚያስገድዱት ሁሉም ያውቃል። አስተማሪዋ አሰለፈች በዚያ ቤት የመናገር መብቷን ተነፍጋለች። ቡዳው ግን እንዲናገር እየተለመነ ነው። ጨዋነቴ ትዝ አለኝ፤ የተላኩት ሽማግሎች ትዝ አሉኝ። ከዚያ ጽጌን አየኋት። ጉሮሮዬን አወፈርኩ።

"እ... እ... እ..." አልኩ። ልምድ ስለሌለኝ መጀመሪያው ደካማ ነበር።

"ተናገር! ማነህ?"

"ከሰሉን አውጡት! ያቃጥለኛል! አውጡት!"

በጣም ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። እትዬ ድንቅነሽ ግን በደስታ ዘለሉ። "ነደደው! ይንደደው የታባቱ! ጨምሩበት!" ብለው በጆንያው ውስጥ የቀረውን ከሰል ሁሉ ፈርኔሎው ላይ ገለበጡት።

በልቤ አለቀስኩ። ሲያስተምሩም ሲለፈልፉም የሰሚውን ጠባይ ማወቅ እንደሚቀድም የገባኝ ያኔ ነው።

"የማን ነህ? ማን ላከህ?" ብለው ቀጠሉ። "የሸክላ ሠሪዋ ነህ፣ አይደል? ትናንት ማሰሮ ይዛ መጥታ ሕፃኗን አይታለች!"

ይህን ስሰማ ብርድ ብርድ አለኝ። ሸክላ ሠሪዋ ከመንደሩ ዳር ከልጆቿ ጋር የምትኖር ድሃ ናት። አንድ ቃል "አዎ" ብል፣ ራሴን ብቻ ብነቀንቅ እንኳ፣ ማታውኑ ቤቷ ደጃፍ ላይ ዱላ የያዘ ሰው ይቆም ነበር። በብዙ ቦታ ሆኗል።

"አይደለሁም!" አልኩ ባለኝ አቅም። "መንገደኛ ነኝ! የዚህ አገር ሰው አይደለሁም! በአውቶቡስ ነው የመጣሁት!"

"ከየት?"

"ከጎጃም!"

"ወዴት ልትሄድ?"

"አዲስ አበባ! ጉዳይ አለኝ!"

ይህ ማንንም አላስገረመም። ያን ጊዜ አዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ጉዳይ የሌለው የአገር ሰው ስላልነበረ ቡዳም ቢኖረው ያለ ነው።

"ታዲያ እዚህ ምን አስቀመጠህ?"

መንገዱ የተከፈተልኝ እዚህ ላይ ነው። የሚጠሉትን እንዲያደርጉ ለማድረግ እኔ ይበልጥ ልጠላው ይገባል።

"ሙቀቱ!" አልኩ። "ይህ ቤት ተመቸኝ። ነፋስ የለውም። እኔ ነፋስ አልወድም! መስኮቱን እንዳትከፍቱብኝ! በሩን እንዳትከፍቱብኝ! ነፋስ ከነካኝ አንድ ደቂቃ አልቆይም! ወይኔ፣ መስኮቱን!" ከዚያ፣ ሳላስበው፣ በዚያው በወፍራሙ ድምፅ "ሕፃኗስ? ሕፃኗ ትተነፍሳለች?" አልኩ።

"ክፈቱት!" አሉ እትዬ ድንቅነሽ። "ጫልቱ፣ ክፈቺው! ነፋስ ይፈራል! ክፈቺው ይውጣልን!"

አዴ ጫልቱ ከመስኮቱ ፊት አልተነቃነቁም። ቁልቁል አዩኝ። እኔም ዓይኔን ማገላበጥ ረስቼ አየኋቸው። ከዚያ ፊታቸውን አዞሩና የፋብሪካውን ፎቶግራፍ በጥፍራቸው ከመሐል ቀደዱት። መስኮቱን ገፉት፤ ሊጡ ደርቆ እንደ ድንጋይ ይዞት አልከፈት አለ። ነጠላቸውን ክርናቸው ላይ ጠቀለሉ፤ ያንን ገመቹ የሚኮራበትን መስታወት በአንድ ምት አረገፉት።

የሱሉልታ ነፋስ ገባ። እንደዚያ ቀን ነፋስ ጣፍጦኝ አያውቅም።

በሩም ተከፈተ። አዴ ጫልቱ ፈርኔሎውን በቀሚሳቸው ጫፍ ይዘው አውጥተው ደጅ ገለበጡት። ከዚያ ጽጌን እሳቸው በብብቷ፣ እኔ ደግሞ እየተንፏቀቅሁ በእግሯ በኩል ይዘን ደጃፉ ላይ አስተኛናት። ጥቂት ቆይታ ዓይኗን ገለጠች፤ አስመለሳት፤ "ምን ሆንኩ?" አለች።

ሕፃኗ ግን ዝም አለች። አዴ ጫልቱ ጨርቋን ገልጠው ለነፋሱ አዞሯት። ለዚያ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለፈሩት ነፋስ፣ በገዛ እጃቸው፣ ደረቷን ገልጠው ሰጡት። "ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ልጄ" ይላሉ፤ ጀርባዋን ያሻሻሉ፤ ግንባሯ ላይ እፍ ይላሉ። እኔ ማርያምንም ሳይንስንም አንድ ላይ ጠራሁ። የትኛቸው እንደደረሰልኝ አላውቅም፤ ልጅቱ አነጠሰች። ከዚያ ቀጭን ለቅሶ አለቀሰች። ከዚያ ሰላማዊነቷን ሙሉ በሙሉ ትታ ግቢውን አናወጠችው።

እኔም ያን ጊዜ አስመለሰኝ።

"ወጣላት! ወጣላት!" አሉ እትዬ ድንቅነሽ እልል እያሉ። ጎንበስ ብለውም "ሄደ?" አሉኝ።

"ሄደ" አልኩ በራሴ ድምፅ።

"ወደ አዲስ አበባ?"

"ወደ አዲስ አበባ።"

"እሰይ። እነሱ ይቻሉት።"

የቀረውን የአራስነት ጊዜ ጽጌ በጎጆው ውስጥ ጨረሰች። እዚያም እሳት ይነድ ነበር፤ ነገር ግን የጎጆው ሳርና የግድግዳው ስንጥቅ ራሱ ይተነፍሳል። የስንት ትውልድ አራስ እሳት እየሞቀች በደኅና የተነሳችው ቤቱ ደካማ ስለነበረ ነው። ገመቹ ማታ መጥቶ የተሰበረውን መስታወት ሲያይ "ማነው?" አለ። "ቡዳ" አልነው። ልጁን አቀፈና ስለ መስታወቱ ሁለተኛ አላነሳም።

ወሬው ግን ከእኔ ቀድሞ እንጦጦን ተሻገረ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የጸሐፊው ሽማግሎች "ልጁ ለጊዜው ሐሳቡን ለውጧል" የሚል መልእክት አመጡ። ጨዋና የተማረች እንጂ ጨዋ፣ የተማረችና ቡዳ የያዛት አልፈለገም። ለሦስት ቀን አለቀስኩ። ዛሬ ሳስበው ጫማ ከሚወለውል ሰው ጋር ዕድሜ ልኬን ከመኖር ያዳነኝ ያው ከሰል ነው።

ሌላው ለውጥ የመጣው ከሱሉልታ ነው። ጽጌን ልጠይቅ በሄድኩ ቁጥር ሰዎች ይመጡልኝ ጀመር። "የጉድጓዳችን ውሃ ልጆቹን ያስቀምጣቸዋል፣ ምንድን ነው?" ይሉኛል። ሄጄ አያለሁ፤ ሽንት ቤቱ ከጉድጓዱ በላይ ተቆፍሯል። "ውሃ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሽንት ቤቱን ከታች አድርጉት፣ እስከዚያው ውሃውን አፍሉት" እላለሁ። አንዳንዶቹ ያደርጉታል። ይህንኑ ቃል በቃል ሰበታ በወላጆች ስብሰባ ላይ ስናገር ግን ያዛጉ ነበር። ለካ ሱሉልታ ላይ የሚሰሙት እኔን አልነበረም፤ አንድ ጊዜ በእኔ ውስጥ አድሮ የሄደውን መንገደኛ ነው። ሌላ ጊዜ እንዲለፈልፍ ለምነውኝም ነበር። እምቢ አልኩ፤ በሁለተኛው ቀን ጥያቄው "ውሃው ለምን ይሸታል?" ሳይሆን "ውሃውን ማን አበላሸው?" እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ሸክላ ሠሪዋም አሁንም እዚያው ዳር ነበረች።

ክፍል ውስጥ ግን ጩኸቱን ተውኩት። "አየር ምንድን ነው?" ማለት ትቼ "እቤታችሁ ምን ትሞቃላችሁ? ጭሱ በየት ይወጣል? ውሃ ከየት ትቀዳላችሁ?" ማለት ጀመርኩ። ተቆጣጣሪው "ከትምህርቱ ወጥታለች" ብሎ ወቀሰኝ። ልክ ነበር፤ ወጥቼ ነበር።

እናንተ አንባቢዎቼ ግን እንዳትስቁ። ዛሬም በሚኒባስ ውስጥ አንዱ መስኮት ሲከፍት "ዝጋው፣ ብርድ ገባ!" የምትሉት እናንተው ናችሁ። ዛሬም ብርድ ሲመጣ ከሰል አቀጣጥላችሁ በር ትዘጋላችሁ፤ ራሳችሁን ሲያማችሁ ደግሞ ጎረቤት ታማላችሁ። የሚሸተውን ትፈራላችሁ። እኔ የማይሸተውን ፍሩ እላለሁ፤ ቡዳ ስላልሆንኩ ግን ማን ይሰማኛል?

አንድ ነገር ልንገራችሁና ልጨርስ። አዴ ጫልቱ አርጅተው አልጋ በያዙ ጊዜ ልጠይቃቸው ሄጄ ሁለታችን ብቻ ተቀመጥን።

"ባርሲስቱ" አሉኝ፣ "ያን ቀን ቡዳ አልነበረም።"

ደነገጥኩ። "ያውቁ ነበር?"

"ቡዳ ስለ ሕፃን ትንፋሽ አይጠይቅም።"

"ታዲያ ለምን ከፈቱት?"

"የተማረች፣ ሽማግሌ የተላከባት ልጅ ስሟን ጥላ መሬት ላይ ከተንከባለለች ያየችው ነገር አለ አልኩ።" ዓይናቸውን ወደ በሩ መለሱ። "ከዚያ በኋላ ግን ስንት ዓመት ሳስበው ኖርኩ። ነፋሱ ጽጌን አልገደላትም። ልጅቷንም አልገደላትም። እንግዲህ ቦንቱንስ? ያን በር ከፍቼ የሄድኩት..."

እጃቸውን ያዝኩ። "አዴ፣ ቦንቱን የገደላት የወሊድ ትኩሳት ነው። ነፋስ አያመጣውም። በሩ ቢዘጋም ትሞት ነበር። እርስዎ አልገደሏትም።"

ፊታቸውን ወደ እኔ አቀረቡ።

"ይህን የምትይኝ አንቺ ነሽ ወይስ እሱ?"

"እኔ ነኝ።"

"ተይው" አሉ፣ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ። "እሱ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።"

በሩን ዞር ብዬ አየሁ፤ ማንም አልነበረም። ጉሮሮዬን አወፈርኩና እንደገና ነገርኳቸው።